ድመቴ የተገመገመችበት ቀን

እኛ አገር ብቻውን የተቀመጠ ሰው ሰላም የለውም። ሻይ ቤት ገብተህ፣ ጥግ ይዘህ፣ ፊትህን ወደ ግድግዳ አዙረህ ብትቀመጥ እንኳ አንዱ መጥቶ ወንበር ይስብና «ምነው ብቻህን?» ይልሃል። ምን ተብሎ ይመለሳል? «ደስ ብሎኝ ነው» ብትለው ያዝንልሃል። ዝም ብትለው ጤና እንደጎደለህ ለሠፈሩ ያወራል። የተራበን ሰው አይቶ የሚያልፈው ሁሉ ብቸኛ ሰው ሲያይ ደግነቱ የሚቀሰቀስበት ለምንድን ነው? መልሱን ልንገራችሁ፦ የተራበን ማብላት ያስወጣል፣ ብቸኛን ማዋራት ግን በነጻ ነው።

እኔ ይህ ደግነት አንገሽግሾኛል። ሙያዬ ግብርና ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የተማርሁት ስለ ዕፅዋት ነው፤ የተመረቅሁትም በማዕረግ ነው። ገንዳ ውሃ ከተማ ከመጣሁ ጀምሮ ከላይ ቆርቆሮው፣ ከታች ጥቁር አፈሩ እየጠበሰኝ ገበሬውን ስለ ሰሊጥ ሳስተምር ኖሬአለሁ። ታዲያ አንድ ጊዜ በመሥሪያ ቤታችን የቡድን መሪነት ቦታ ክፍት ሆነና ተወዳደርን። የጽሑፍ ፈተናውን አንደኛ ሆኜ አለፍሁ። ይህን የሚክድ የለም፤ ፈታኞቹም አይክዱትም። ከዚያ ቃለ መጠይቅ የሚባለው መጣ። ስለ ሰሊጥ አንዲት ነገር ሳይጠይቁኝ፣ ከሥራ ሰዓት ውጭ ከባልደረቦቼ ጋር ምን እንደማደርግ ጠየቁኝ። «ምንም» አልሁ። እውነቴን ነበር። ውጤቱ ሲነገር «ከሌሎች ጋር ተግባብቶ የመሥራት ውስንነት ታይቶበታል» ተባለና ቦታው ለሌላው ተወዳዳሪ ተሰጠ። ሰውዬው ሰሊጥን ከኑግ የሚለየው በቀለሙ ብቻ ነው። ግን ለቅሶ አይቀርም፣ ሠርግ አይቀርም፤ ሲስቁ አብሮ ይስቃል፣ ሲያዝኑ ከሐዘንተኛው ቀድሞ ያነባል። ስሙን አልጠራም፤ ቡድን መሪው እያልሁ አልፈዋለሁ።

እኔ እኮ ላወራ የተነሣሁት ስለ ድመቴ ነው። ይህ ሰውዬ ወሬዬ መካከል ሳይጠሩት መግባት ልማዱ ነው።

ድመቴ ማዕረግ ትባላለች። መሥሪያ ቤቱ ማዕረጌን ባያውቅልኝ ቢያንስ ቤቴ ውስጥ ስጠራት ቀና ትበልልኝ ብዬ ነው ስሙን ያወጣሁላት። እሷ ግን ስትጠራ ቀና አትልም። አመድማ፣ ቀጭን፣ ኩሩ ናት። አይጥ ስትይዝ ለማንም አታሳይም። መታቀፍ አትወድም። እኔ አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ሳነብ እሷ መስኮቱ ደፍ ላይ ትቀመጣለች፤ አንተያይም። በሕይወቴ ከማንም ጋር እንዲህ ተስማምቼ አላውቅም።

ከጎኔ ያለውን ክፍል ተከራይታ የነበረች አስተማሪ ወደ ጎንደር ተዛወረችና የራሷን ድመት በዘንቢል ይዛ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ማዕረግ ከሰዓት በኋላ ጣሪያው ላይ እየወጣች መጮህ ጀመረች። ጩኸቷ ደግሞ ተራ ጩኸት አይደለም፤ አቤቱታ ነው። የሚሰማት ግን የለም። ይህን ስሜት አውቀዋለሁ።

የግቢው ባለቤት እማማ ጥሩወርቅ ናቸው። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነኝን ሰው እስከ ዛሬ «አንተ ልጅ» ይሉኛል። አንድ ቀን በሬ ላይ ቆሙና፣ አንተ ልጅ፣ ይች ድመት ብቸኝነት ገድሏት ነው የምትጮኸው፣ ወይ ጓደኛ አምጣላት፣ አለዚያ አማቼ ከአብደራፊ ሲመጣ እሰጠዋለሁ፣ እርሻው ላይ አይጥ ጆንያ እየቀደደ አስቸግሮታል አሉኝ።

እዚህ ላይ አገሩን ለማያውቅ አንድ ነገር ልናገር። ሰሊጥ ሲታጨድ ከተማው በሳሉግ ይሞላል። ሳሉግ የምንለው ለአጨዳ ከደጋ የሚወርደውን የቀን ሠራተኛ ነው። ታዲያ ሳሉጉ በጭነት መኪና ወደ እርሻ ካምፑ ሲጫን ድመቱም አብሮ ይጫናል። ልዩነቱ ሳሉጉ አጨዳው ሲያልቅ ይመለሳል። ከካምፕ የተመለሰች ድመት ግን እኔ አይቼ አላውቅም። እባብ አለ፣ ጅብ አለ፣ ውኃው በበርሜል ነው። ማዕረግን እዚያ? መስኮት ደፍ ላይ መቀመጥ የለመደችውን?

ተቃወምሁ። ድመት እንደ በግ የመንጋ እንስሳ አይደለችም፣ ብቻዋን ማደን፣ ብቻዋን መኖር ተፈጥሮዋ ነው ብዬ በሳይንስ አስረዳኋቸው። እማማ እስከ መጨረሻው ሰሙኝና፣ ታዲያ ደስ ካላት ለምን ትጮኻለች አሉኝ። ተከራዩን ሰብስቤ አስወስናለሁ ብለውኝ ሄዱ።

የእኛ ግቢ ተከራዮች ሁላችንም የመንግሥት ሠራተኞች ነን። የመንግሥት ሠራተኛ ደግሞ ሲሰበሰብ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚያውቀው፤ መገምገም። ለዕድር ብትጠራው ይገመግማል፤ ውኃ ተቋረጠ ብለህ ብትጠራው የቧንቧውን ጠንካራና ደካማ ጎን ያነሣል። እሑድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር ተቀመጥን። ፖሊሱ ሳጅን አለበል ማንም ሳይመርጠው ሰብሳቢ ሆነ። ጉሮሮውን ጠራረገና፣ በመጀመሪያ የድመቷን ጠንካራ ጎን እናንሣ አለ።

እየቀለደ መስሎኝ ነበር። አልቀለደም። እማማ አይጥ ትይዛለች አሉ። ሳጅኑ ራሱ ሥጋ ሰቅዬ ነክታብኝ አታውቅም ብሎ መሰከረ። ጥሩ፣ አሁን ወደ ደካማ ጎኗ እንለፍ ተባለ። ጤና ጣቢያ የምትሠራው ሲስተር ብርቱካን እጇን አወጣች። ጨዋ ልጅ ናት፤ በሰው ክፉ አታስብም። ለማስተማር ያህል ነው እንጂ በክፋት እንዳይያዝብኝ አለችና፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ «ከሌሎች ጋር ተግባብቶ የመኖር ውስንነት ይታይባታል» አለች።

ደሜ ፈላ። በዚህች አገር ይህ ዓረፍተ ነገር እየዞረ ሰው ሲበላ ኖሮ አሁን ደግሞ ወደ ድመት ወረደ! ተነሣሁ። በየትኛው ፈተና ነው የወደቀችው አልሁ። አይጥ መያዝ አቅቷት ያውቃል ወይ? ሥራዋን ትታ ከሰው እግር ሥር ስትሻሽ የዋለችበት ቀን አለ ወይ? ሥራውን የሚያውቅ በዝምታው እየተቀጣ፣ ሥራውን የማያውቅ በጥርሱ እየተሾመ እስከ መቼ ነው? ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር መሰለኝ፣ የጎረቤት ግቢ ሰዎች በአጥሩ ብቅ አሉ። ሳጅኑ «ጋሼ፣ በስሜት አይደለም፤ እጅ አውጥተው ይናገሩ» አለኝ። እማማ ደግሞ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ስበው፣ «ቆይ ቆይ፣ አሁን የምናወራው ስለ ድመቷ ነው ወይስ ስለ አንተ?» አሉ። ሁሉም ሳቁ። ይባስ ብሎ ማዕረግ ከጣሪያው ላይ አንድ ረጅም ጩኸት ለቀቀች። ሳጅኑ ይኸው ግለ ሂሷን አቀረበች ብሎ ሌላ ሳቅ አስነሣ።

እጅ ተቆጠረ። ጓደኛ እንዲመጣላት፣ ካልመጣላት ወደ ካምፕ እንድትሄድ ተወሰነ። የተቃወምሁት እኔ ብቻ ነኝ። ብቻዬን መሆኔም፣ ይኸው አላልንም በሚል ዐይን ታየ።

ድመት ፍለጋ ወጣሁ። በአጨዳ ወቅት ገንዳ ውሃ ላይ ድመት መፈለግ በጾም ቀን ሥጋ መፈለግ ነው፤ ያለው ሁሉ ወደ እርሻ ወርዷል። ሽንፋ በሚባለው አገር አያ ደሴ የሚባሉ የማውቃቸው ገበሬ አሉ፤ ደወልሁላቸው። ድመቱስ ሞልቶ ነበር ልጄ፣ ግን መንገዱ ተዘግቷል፣ በምን ልላክልህ አሉኝ። ይህን ሳወራ የሰሙት እማማ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነው፣ ያ አለቃህ እኮ ድመት አለው አሉ።

የቡድን መሪው ቤት? እኔ? ከዚያ ቃለ መጠይቅ ወዲህ ሠራተኛው ሁሉ በዓል በመጣ ቁጥር እሱ ቤት ሲሄድ እኔ የደጁን ቆርቆሮ አንኳኩቼ አላውቅም። ይህ በዚህ ከተማ የቀረኝ ብቸኛ ንብረት ነው። አሁን ሄጄ ድመት ስጠኝ ልበለው? ስንት ዓመት የጠበቅሁትን ቂም ለአንዲት ለስሟ እንኳ ቀና ለማትል ፍጡር ልጣለው? አልሄድም አልሁ። ከዚያ የእማማ አማች ስልክ ደውሎ በማግሥቱ እንደሚመጣ ተናገረ፤ እማማም ክዳን ያለው ቅርጫት አውጥተው ፀሐይ ላይ አሰጡ። ማዕረግ ወርዳ ቅርጫቱን አሸተተችው። ሳያት አላስቻለኝም፤ ሸሚዜን ቀይሬ ወጣሁ።

ደጁን ሳንኳኳ ራሱ ከፈተ። «ወንድሜ! በመጨረሻ መጣህ!» ብሎ አንገቴን አቀፈኝ። ለምን መጣህ አላለም። አስቀመጠኝ፣ አበላኝ፣ አጎረሰኝ። በእሱ እጅ ጎረስሁ! ጉዳዬን እንደ ምንም ስነግረው አልሳቀም፤ ለማዕረግ ከልቡ አዘነላት። እኔ ውሎዬ ውጭ ነው፣ ቤተሰቤም ጎንደር ነው፣ ድመቱም ሰው ይወዳል፣ ውሰደው አለኝ። ምን ነበር ቢከለክለኝ? ትንሽ እንኳ ቢያመነታ ለቂሜ አንድ ጡብ እጨምርበት ነበር። ይህንም ነፈገኝ።

ድመቱ ሙዲር ይባላል። ሱዳን የሚመላለሱ ነጋዴዎች ናቸው ስሙን ያወጡለት፤ በዐረብኛ ሥራ አስኪያጅ ማለት ነው። ቡናማ፣ ወፍራም፣ ሳቂታ ይመስላል። አይጥ ይዞ ያውቅ እንደሆነ ስጠይቀው ቡድን መሪው፣ እሱ እንኳ ብዙም አይደል፣ ግን ጠባዩ ሸጋ ነው አለኝ። አይገርማችሁም?

ድመት ወደ አዲስ ቤት ስትወሰድ መንገዱን እንዳታውቅ ጆንያ ውስጥ ተከትታ፣ በዞረ መንገድ ነው የምትሄደው። የተማርሁ ነኝ፤ ይህን አላምንበትም። ግን ሙዲርን በሰሊጥ ጆንያ ከትቼ፣ ባለባጃጁን ቄራውን አዙረን፣ መናኸሪያውን አዙረን አልሁት። ቡድን መሪው ልሸኘው ብሎ አብሮን ተሳፍሯል። ጆንያው ጭኑ ላይ ሆኖ ያጉረመርማል፤ እሱ በየመንገዱ ለሚያየው ሰው ሁሉ እጁን ያውለበልባል። እንግዲህ ምስጢራዊው ጉዞ ይህ ነበር።

ግቢያችን ስንደርስ ሙዲር ከጆንያው ወጣ፣ ተንጠራራ፣ ከዚያ ተራ በተራ ከሁሉም እግር ጋር ተሻሸ፤ የሳጅኑን ቦቲ ጫማ እንኳ አልዘለለም። አይ ጨዋ፣ አይ ሰው አክባሪ ተባለ። ቀጥሎ ክፍሌ ገባና የማዕረግ መስኮት ደፍ ላይ ወጥቶ ተኛ። ያለ ፈተና፣ ያለ ውድድር! ማዕረግ መደርደሪያው ላይ ወጣች፣ ከመጻሕፍቴ ጎን ተቀመጠች፣ ትኩር ብላ ታየው ጀመር።

ከዚያን ቀን ወዲያ አልጮኸችም። አማቹም ባዶ ቅርጫት ይዞ ሄደ። ግቢው በውሳኔው ኮራ፤ ሲስተር ብርቱካን ባየችኝ ቁጥር፣ አየህ ጋሼ፣ የጎደላት ጓደኛ ነበር ትለኛለች። ጓደኛ! አብረዋት የሚውሉት እነሱ ናቸው ወይስ እኔ? ማዕረግ ከሙዲር ጋር አንድ ሣህን ላይ ቀርባ አታውቅም። እንቅልፍ ላይ ሆና እንኳ አንድ ጆሮዋ ወደ እሱ የቆመ ነው። ሲያዛጋ ትታዘባለች፣ ሲበላ ትታዘባለች፣ እማማ ሲያሻሹት በጅራቷ መደርደሪያውን ትመታለች። ከጠዋት እስከ ማታ ሥራ በዝቶባታል። ጣሪያ ላይ ወጥታ የምታለቅስበት ጊዜ ከየት ይምጣ? ደግሞ ወፈረች፤ ጠጉሯ አበራ። የጎደላት ጓደኛ ሳይሆን የምትቀየመው ነበር።

ቡድን መሪውም አመሻሽ ላይ ሙዲር ናፈቀኝ እያለ መምጣት ያዘ። ያለችኝን አንዲት ወንበር ይዞ ያወራል፤ እኔ አልጋዬ ላይ ሆኜ ስለ ሰሊጥ የሚናገረውን ሁሉ አፈርሳለሁ። ሂላው፣ ማለትም የታጨደው ሰሊጥ ተደግፎ የሚቆምበት ክምር፣ ሳይደርቅ ቢራገፍ ምን አለበት ይላል፤ እጮኽበታለሁ፤ ይስቃል። ሲሄድ ያልነገርሁት ትዝ እያለኝ፣ ነገ ሲመጣ እላለሁ ብዬ አዘጋጃለሁ። መምጣቱን ወድጄው እንዳይመስላችሁ። ሲዘገይ በሩ ላይ እቆም የነበረው ለነፋሱ ነው።

ታዲያ ባለፈው ወር ምን ሰማሁ? አድጎ ወደ ባሕር ዳር ተዛወረ። ሊሰናበተኝ መጣና ሙዲርን እዚሁ እተወዋለሁ፣ ማዕረግ እንዳይከፋት አለኝ። ማን ፈቀደልህ አልሁት። በምን ሥራህ ነው የምታድገው? መስክ ወርደህ አንድ ሂላ ሳታይ? አቤት እላለሁ አልሁ፤ አልሁም። ያገኘሁትን ኃላፊ ሁሉ በር እየከፈትሁ ይህ ሰው ሊዛወር አይገባም ብዬ ተከራከርሁ። በዚህ ስሯሯጥ በእሱ ቦታ ለመወዳደር የመመዝገቢያው ጊዜ አለፈኝ። በሽኝቱ ላይ ተናገር ተባልሁና ተነሣሁ። ይህ ዝውውር ግፍ ነው አልሁ። ይህንኑ ብዬ ተቀመጥሁ። ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ፤ እሱም እያለቀሰ አቀፈኝ። አንድም ሰው አልገባውም።

ይኸው ሄደ። ማዕረግ መደርደሪያዋ ላይ ሆና ሙዲርን ትታዘባለች፤ ጤናዋ ግሩም ነው። ለእኔ ግን ያሰበልኝ የለም። በቦታው የመጣው አዲሱ ቡድን መሪ ሰሊጥ ጠንቅቆ ያውቃል፣ በሰዓቱ ይገባል፣ ሰው በከንቱ አያስቀይምም፣ ለማንም ጥርሱን አያሳይም። እስኪ ፍረዱኝ፤ እንዲህ ያለውን ሰው በምኑ ልቀየመው?