ሲሬ ላይ የተዳረው ቁምሳጥን

ወንድ ልጅ የሚያገባው ሚስት ነው የሚላችሁን አትመኑት። ወንድ ልጅ የሚያገባው ቁምሳጥን ነው! ሚስትማ አውቶቡስ ተሳፍራ፣ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ፣ ብርቱካን እየላጠች ትመጣለች። ቁምሳጥን ግን… እሱን ለአራት ተሸክማችሁ፣ ለስምንት ተጨቃጭቃችሁ፣ ወገባችሁን ይዛችሁ ነው የምታገቡት።

እኔ አሰላ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ መዝገብ ቤት የምሠራ ሰው ነኝ። ባለፈው ጥር አዲስ አበባ ሄጄ ወይንሸትን አገባሁ። ተበላ፣ ተጨፈረ፣ ተመረቅን። በሦስተኛው ቀን አማቴ እጄን ይዘው ወደ ጓሮ ክፍል ወሰዱኝና በሩን ከፈቱት። ባለመስታወት ቁምሳጥን፣ የሽቦ አልጋ፣ ፍራሽ፣ ሁለት ትልልቅ ሳጥን!

“ልጄ ባዶ ቤት አትገባም” አሉኝ።

“እማማ፣ አሰላ እኮ ሩቅ ነው።”

“ሽማግሌ ስትልክ ሩቅ መሆኑን መች ነገርከኝ?”

የጭነት መኪና ስጠይቅ የሚጠሩልኝ ዋጋ ሌላ ሚስት የሚያስመጣ ነበር። በመጨረሻ የአሰላው ሾፌር ጋሽ ጀማል ተገኙ። “ስንዴ ልጭን ባዶዬን ነው የምሄደው፤ ወላሂ ለነዳጅ የምትችለውን ስጠኝና ጫን” አሉ። ደስታዬን አትጠይቁኝ! በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ…

ወይንሸትና እኔ ጋቢና ተቀመጥን፤ ሞጆን፣ ናዝሬትን አለፍን። ደራ ስንደርስ መንገድ ዳር ሙሉ ልብስ የለበሱ ስድስት ወጣቶች እጃቸውን እያራገቡ አስቆሙን። አጠገባቸው አንድ ከበሮና አፏን የከፈተች ትንሽ መኪና ነበሩ። ከመሃላቸው ደረቱ ላይ አበባ የሰካ፣ ፊቱ አመድ የመሰለ ቀጭን ሰው ወጣ።

“ጋሽ ጀማል! ማሎ! ማሎ! እባክዎን አይለፉኝ!”

አሰላ ገበያው አጠገብ ልብስ የሚሰፋው አስፋው ነው። ሙሽራዋን ሊያመጣ ወደ ሲሬ ሲሄድ የተከራያት መኪና ደራ ላይ እምቢ ብላዋለች።

“የባላምባራስ ደግፌን ልጅ ነው የማገባው” አለን ሊያለቅስ ምንም ሳይቀረው። “ሁለት ጊዜ ‘መርፌ ይዞ ልጄን ሊያኖር ነው?’ ብለው ሽማግሌ መልሰውብኛል። አሁን ደግሞ እስከ ስምንት ሰዓት ካልደረስክ ድንኳኑን አፈርሳለሁ ብለዋል።”

ጋሽ ጀማል ወደኔ ዞሩ። “ደርሶ መመለስ ነው። አንተም በቀደም ሙሽራ ነበርክ።”

እኔ ሳስብ ወይንሸት “ኑ ውጡ!” ብላ ጨርሳዋለች። ሚዜዎቹ ከላይ ወጥተው አልጋዬ ላይ ተደረደሩ፤ ከበሮው ተመታ፤ መኪናችን የአሰላን መንገድ ትታ ወደ ሲሬ ታጠፈች።

ባላምባራስ ደግፌ ድንኳኑ በር ላይ ምርኩዛቸውን ተደግፈው የኪስ ሰዓታቸውን ያያሉ። አስፋው ይዞት የመጣው ጥሎሽ አንዲት ሻንጣ ብቻ ነበረች፤ እሷንም ከጀርባው ደብቋታል። ነገር ግን መኪናው ገና ሳይቆም የሙሽራዋ ወንድሞች ተንጠልጥለው ወጡና ያገኙትን ሁሉ ማውረድ ጀመሩ። ቁምሳጥኔ በስምንት እጅ ከፍ ሲል መስታወቱን ፀሐይ አገኘችውና መንደሩ ሁሉ ቦግ አለ። እልልታ!

ባላምባራስ አፋቸውን ያዙ። “ይሄ ሁሉ… የልብስ ሰፊው ነው?”

አስፋው ሻንጣዋን በእግሩ ወደ ኋላ ገፋና ወደኔ አየ። ወገኖቼ፣ ሰው በዓይኑ እግር ሲስም አይታችሁ ታውቃላችሁ?

“ኧረ የኔ…” ልል ስል ወይንሸት ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

“ዝም በል! የሰው ሰርግ ልታፈርስ ነው?”

“ዕቃችን እኮ ነው!”

“ዕቃ ይመለሳል። የፈረሰ ሰርግ ግን አይመለስም።”

አንደኛው ሚዜ ድንኳኑ መሃል ቆሞ ጥሎሹን መቁጠር ጀመረ። “አንድ ቁምሳጥን፣ ባለመስታወት!” እልልል! “አንድ አልጋ ከነፍራሹ!” እልልል! ከዚያ አንዱን ሳጥን ከፈተና እጁን ሰደደ። አማቴ ‘አገሩ ብርድ ነው፣ ሌሊት ውጭ እንዳትወጡ’ ብለው የሸጎጡልን ባለአበባ ፖፖ ብቅ አለ! ሚዜው አገላብጦ አየው። ሰርገኛው በጉጉት ይጠብቃል።

“አንድ… አንድ ባለጆሮ የሾርባ ሳህን!”

እልልልል! ወይንሸት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች።

ያለፈልን መስሎኝ ነበር። ባላምባራስ ግን ቁምሳጥኑን ራሳቸው ሊፈትሹ ተነሡ። ከፈቱት። ውስጡ የእኔና የወይንሸት የሰርግ ፎቶ፣ በትልቅ ፍሬም!

“እነዚህ እነማን ናቸው?”

አስፋው ከሚዜዎቹ ጀርባ ተሸሸገ። ያን ጊዜ ጋሽ ጀማል ከጥግ፣ “የሙሽራው አጎትና አክስት ናቸው፣ ባላምባራስ! ሙሽሮቹ እያዩ ትዳር እንዲማሩ ነው” አሉ።

እኔ ከአስፋው ቢያንስ አምስት ዓመት አንሳለሁ! ባላምባራስ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እኔን ሲያዩ ቆዩና፣ “ጥሩ ተመክሯል። ከአልጋቸው ራስጌ ይሰቀል!” ብለው አዘዙ። እኔም እንደ አጎት ከቄሱ ጎን ተቀመጥኩ፤ ሽማግሌዎች እየተነሡ እጄን ጨበጡኝ፤ በገዛ ፍራሼ ላይ ዓይኔን ተክዬ ምርቃት ተቀበልኩ።

ወይንሸት ግን ቀስ ብላ ወደ ጓዳ ገባችና ለሙሽራዋ እናት እውነቱን ተናገረች። እሳቸውም ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ አሉ።

“እኔስ ‘ጢም ያላወጣ አጎት ከየት መጣ?’ እያልኩ ነበር! አይዞሽ ልጄ፣ ልጄም የምትገባው አሰላ ነው፤ ዕቃሽ መንገዱን አልሳተም። ባላምባራስ ብቻ እንዳይሰሙ፤ ከሰሙ ልጅቷን ከነቬሏ ያስቀሯታል።”

እንዲህ ተባብለን ወደ አሰላ ተነሣን። ሙሽራዋና ሙሽራው ጋቢና፣ እኛ ከላይ ከከበሮው ጋር። ግን ምን ዋጋ አለው! ባላምባራስ “ዕቃው መኝታ ቤት ገብቶ ሲዘረጋ በዓይንህ አይተህ ና” ብለው ወንድማቸውን አብረው ላኩ። ሰውዬው አየ። አይቶም አልሄደም! ሦስት ቀን ሙሉ አስፋው ቤት ተቀምጦ በቁምሳጥኔ መስታወት ጢሙን አበጠረ። ሦስት ቀን ሙሉ እኔና ወይንሸት ሰሌን ላይ፣ የኔን አሮጌ ካፖርት እየተጓተትን አደርን። የአሰላን የጥር ብርድ የምታውቁ ፍረዱ!

በአራተኛው ቀን ሰውዬው ወደ ሲሬ ተመለሰ። ወዲያው የፈረስ ጋሪ ጠርቼ ዕቃውን ከአስፋው ቤት አስወጣሁ። እኔ የፈረሱን ልጓም ይዣለሁ፤ ወይንሸት ከኋላ ቁምሳጥኑን ደግፋለች፤ አስፋው ከእሷ ኋላ ፍራሹን ተሸክሟል። ቀኑ የገበያ ቀን ነው። ያንን ቁምሳጥን በሰርግ መኪና ሲገባ ያላየ የሰፈር ሰው አልነበረም፤ የሙሽራዋን ፊት ግን ከቬሉ ሥር ማንም አላየም። ነገሩ ገባችሁ?

“ኧረ በአራተኛው ቀን! ኧረ ነውር ነው!” እያሉ ሦስት ሽማግሌዎች ከፊታችን ቆሙ።

“ልጄ፣ ምን አድርጎሽ ነው የምትሄጂው?” አሏት ወይንሸትን።

“ኧረ አባባ፣ ምንም አላደረገኝም!”

“ሁሏም እንደዚህ ነው የምትለው፤ ጨዋ ናት። አንተስ አስፋው፣ ምን ነካህ?”

“እኔ ምን አደረግኩ? ዕቃዋን እያገዝኳት ነው!”

“ሰማችሁ? አባሯት እኮ ነው!”

ጋሪው ወደ አስፋው ቤት ተመለሰ። ዕቃው በዚያው ዕለት፣ እውነተኛዋ ሙሽራ ከገበያ መጥታ ካስረዳች በኋላ፣ ቤታችን መግባቱን አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ልባችሁ እንዳይንጠለጠል። ከዚያ በፊት ግን አስፋው የሚስቴን ጉልበት ስሞ ይቅርታ እንዲጠይቅ ተፈረደበት። ወይንሸት በሳቅ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ፣ “አታልቅሺ ልጄ፣ የትዳር ወግ ነው” ይሏታል። እኔ መታገሥ አቃተኝ።

“አባቶቼ፣ እሷ እኮ የኔ ሚስት ናት!” ብዬ ጮህኩ።

ትልቁ ሽማግሌ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። መልሰው አደረጉት። ከእግሬ እስከ ራሴ ካዩኝ በኋላ ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩና፣

“በሉ ተመስገን! የጠቡ ምክንያት ራሱ በእግሩ መጣ” አሉ።