የትራፒዚየም ዘመዶች

እናንተ፣ ትራፒዚየም ዘመዳችን መሆኑን ታውቃላችሁ? አትሳቁ። በደርግ ጊዜ ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ጂኦሜትሪ ያስተማሩን መምህር ደምሴ ናቸው የነገሩን።

እሳቸው የመንዝ ሰው ናቸው። አዲስ ቃል ሲመጣ በየክፍለ ቃሉ ያስጨበጭቡናል። ፓ-ራ-ለ-ሎ-ግራም! «ለ» ላይ ድምፃችሁን ከፍ አድርጉ ይላሉ። እኛ የወሎ ልጆች ደግሞ ካልጎተትነው መቼ ይጥመናል? እናዜመዋለን። ከዚያ «ይሄ ቃል የማን ልጅ ነው?» ይሉናል። ይህን የለመዱት ከእኛው አገር ነው። አምባሰል ውስጥ እንግዳ ውኃውን ጠጥቶ ሳይጨርስ የማን ልጅ እንደሆነ ይጠየቃላ! ፔንታ አምስት፣ ሄክሳ ስድስት። የፔንታጎንና የሄክሳጎን መጨረሻ ላይ ያለው «ጎን» ግን የእኛው ጎን እንዳይመስላችሁ፤ በግሪክ ማዕዘን ነው።

ይህን የቀበሌያችን ካድሬ ሰማ። ክፍል ገብቶ ጠረጴዛውን ደበደበ። ዘር መቁጠር የፊውዳል ነው፣ የግሪክ ቃል ደግሞ የኢምፔሪያሊስት፤ ማነው የላከህ? አላቸው። በዚያ ዘመን እንዲህ የተጠየቀ ሰው ማታ ቤቱ ላያድር ይችላል። በጣም ፈራሁላቸው።

መምህራችን ግን ይህ የሚደበደበው ጠረጴዛ ራሱ ከግሪክ የመጣ፣ የትራፒዚየም ወንድም ነው፤ ትራፒዚየም ማለትም በግሪክ ትንሽ ጠረጴዛ ነው አሉት። ካድሬው እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሳ። ጂኦሜትሪስ? አለ። ጂኦ መሬት፣ ሜትሪ መለካት አሉት። ፊቱ በራ። ይሄማ አብዮታዊ ትምህርት ነው ብሎ፣ በማግስቱ ገመድ አስይዞ አምባሰል ላይ መሬት እንዲያከፋፍሉ ላካቸው። አንድ ገበሬ ቢጎድልበት ግን እስር ቤት ይጠብቃቸዋል።

ገመዱ ሳይዘረጋ ሽማግሌው አያ ሰይድ «አንቱስ የማን ልጅ ነዎት?» አሏቸው። ሲቆጠር በእናት በኩል ተገናኙ። ሌላው በአማት መጣ፣ ሌላው በጡት አባት። ዘመድ እያየ ገመድ የሚያሳጥር ማን አለ? መምህራችን ለእያንዳንዱ ጨመር ጨመር አደረጉ። መጨረሻ ለቀሩት ሰዎች ገደሉ ብቻ ተረፈ።

ካድሬው እየፎከረ መጣ። ይህን ሰውዬ እሰሩ አለ።

አያ ሰይድ ከተቀመጡበት ሳይነሱ «ወላሂ ልጄ፣ ቁጣው ይደርሳል። አንተስ የማን ልጅ ነህ?» አሉት።

ይሄ የፊውዳል ጥያቄ ነው አለ። አያ ሰይድ ጎናቸው ያለውን ድንጋይ ጠረግ አደረጉለት። ተቀምጦ የአባቱን ስም ጠራ። የአያቱንም ጨመረ። ለካ ገደል የደረሳቸው ሰዎች የገዛ አጎቶቹ ልጆች ናቸው!

መምህራችን ሳይታሰሩ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። መሬቱ በማግስቱ እንደገና ይለካ ተባለ። ገመዱን የያዘው ራሱ ካድሬው ነበር፤ ሰባት ቤት እየቆጠረ።