የመስኮት ዳሩ አልጋ

ሰው ያለ ምክንያት ደግ ሲሆንላችሁ ምን ታስባላችሁ? አንዳንዱ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ይቀበላል። አንዳንዱ «ምን ሊጠይቀኝ ይሆን?» ብሎ ይጠረጥራል። እኔ ግን ወዲያው ዘመድ ወዳጆቼን አንድ በአንድ መቁጠር እጀምራለሁ፤ የጎደለው ማነው ብዬ። አትሳቁ። በእኛ አገር መርዶ በአፍ ከመነገሩ በፊት በእጅ ይነገራል። ትናንት ትከሻችሁን ገፍቶ ታክሲ የገባ ሰው ዛሬ በሩን ይዞ «ቅደሙ» ካላችሁ አትደሰቱ። መጀመሪያ ሰፈር ደውሉ።

እኔ ብዙ አልናገርም። ፊደልም አልቆጠርኩ፤ ይህን እኔ ስናገር የምትጽፈው ገላን ኮንዶሚኒየም ያለችው ልጄ ናት። «አባዬ፣ ትንሽ አስረዝመው» እያለች ትነዘንዘኛለች። ዝም አይነቅዝም ብላት አልሰማ አለች። እንግዲህ ረዝሞ ካገኛችሁት በእሷ ይሁን።

ዝምታዬ የተፈጥሮ ብቻ አይደለም፣ የሥራም ነው። ሠላሳ ዓመት የሠራሁት አቃቂ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ውስጥ ነው። ያ ሁሉ ማሽን አንድ ላይ ሲንጫጫ አፍ ለጌጥ ብቻ ይቀራል። ሰው የሚያወራው በእጁና በከንፈሩ ነው። ስለዚህ ፊደል ባላነብም ከንፈር ከማዶ አነባለሁ። ይህቺን ያዙልኝ፣ ኋላ ትፈለጋለች።

ከእኔ ማሽን ቀጥሎ ያለው የደምሴ ነበር። ደምሴ የእኔንም ድርሻ ጨምሮ የሚናገር ሰው ነው። ሰፈርም አንድ፣ ዕድርም አንድ ነን። የዕድሩ ድንኳንና ወንበር ጠባቂ እኔ፣ መርዶ ነጋሪው እሱ። እሱ ያስለቅሳል፣ እኔ አስቀምጣለሁ። መርዶ ሲናገር ላየው ጥበብ ነበር፤ ጎህ ሲቀድ ሰው ቤት ይገባና ከጤፍ ዋጋ ይጀምራል፣ ከዚያ ስለ ዝናቡ፣ ከዚያ ስለ ልጅነት፣ እያለ እያለ ባለቤቱ ሳያውቀው እንባው ይቀድመዋል። የሟች ስም የሚጠራው ከእንባው በኋላ ነው። እንዲህ ሲሆን ይቀላል ይል ነበር።

ደምሴ በጎረምሳነቱ የከባድ መኪና ረዳት ሆኖ አሰብ ደርሷል። አንድ ጊዜ። በዚያች አንድ ጊዜ ዕድሜ ልኩን ኖረባት። ጠላ ቤትም ይሁን የደመወዝ ሰልፍ ላይ፣ «ባህር ያላየ ሰው» ብሎ ከጀመረ ዓይኑ የሚያርፈው እኔ ላይ ነው። አሰብ የሌላ አገር ከሆነች በኋላ እንኳ፣ መንግሥት ወደቡን አስረከበ እንጂ ደምሴ ባህሩን አላስረከበም። «ባህር እኮ ዝም ብሎ ውኃ አይደለም፤ ልክ ከበር ውጪ ሆነህ ሽመና ክፍላችንን እንደምትሰማው ነው የሚጮኸው» ይለኛል። «ውሸታም» እለዋለሁ። ከአፌ ብዙ ጊዜ የወጣው ቃል ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ከተማው ሁሉ ሚሊኒየሙን ለመቀበል አጥሩን ሲቀባ በነበረበት ክረምት፣ ወደ ግል የዞረው ፋብሪካችን ከቱርክ አገር ያገለገሉ የሽመና ማሽኖች ሊገዛ ተነሳ። ማሽኑን አይተው እንዲመጡ ሦስት ሰዎች ተመረጡ፤ ወጣቱ ኢንጂነር ዮናስ፣ የግዢ ኃላፊው አቶ ከድር፣ እና «የማሽን ሕመም በጆሮው ያውቃል» ተብዬ እኔ። ስሰናዳ ደምሴ ኩላሊቱን ታሞ ተኝቶ ነበር። አልጋው ጫፍ ተቀመጥኩ።

«ሂድና እየው» አለኝ። «ስትመለስ ሠላሳ ዓመት ውሸታም ላልከኝ ይቅርታ ትለኛለህ።»

«እውነት ከሆነ» አልኩት።

«እውነት ነው። ሳትልም አልሞትልህም፣ አትስጋ።»

ይህቺን ቃሉን ይዤ ነው አውሮፕላን የወጣሁት።

ማሽኖቹ ያሉባት የቱርክ የባህር ዳርቻ ከተማ ትንሽ ናት። ሆቴሉም ርካሽ ነው፤ ርካሽ መሆኑን ያወቅሁት አቶ ከድር ስለመረጠው ነው። ደረጃው ጠባብ፣ ቁልፉ ላይ የተንጠለጠለው እንጨት ከቁልፉ የሚከብድ፣ ባለቤትየው ጥግ ላይ ሻይ ይዘው የሚያንቀላፉ ሽማግሌ። የክፍላችንን ቁጥር ማንበብ ስለማልችል በምንጣፉ ለየሁት፤ በራችን ፊት ያለው ላይ ማጉ ሁለት ቦታ ስቷል። የሸማኔ ጥፋት አንዳንዴ ለሸማኔ ምልክት ይሆናል።

ክፍሏ ውስጥ ሦስት አልጋ አለ። የመስኮቱን ዳር ዮናስ ያዘ፣ «ኔትወርክ እዚህ ነው የሚገኘው» ብሎ። መካከለኛውን ከድር ያዘ፣ ማንኮራፋቱ ለሁላችንም እኩል እንዲደርስ። ለእኔ የመጸዳጃ ቤቱ በር ሥር ያለው ተረፈ። «ጋሽ ሀብቴ፣ ለእርስዎ ቅርብ ነው» አሉኝ። ልክ ናቸው፣ ቅርብ ነው። ውኃው በቧንቧ ሲወርድ በራሴ ውስጥ የሚወርድ ነበር የሚመስለኝ።

ቁርስ ላይ የወይራ ፍሬ፣ ኪያር፣ ቲማቲም፣ አይብና የተቀቀለ እንቁላል ይቀርባል። ወቅቱ የሐዋርያት ጾም ነበርና እኔ ከወይራው ስውል እንቁላሌን ዮናስ፣ አይቤን ከድር ይወስዱልኛል። ጾም እንዲህ ጎረቤት ሲጠቅም አይቼ አላውቅም። ቀን ማሽኖቹን እንዳስሳለን፣ ማታ ባህሩ ዳር እንቆማለን። እኔ መጀመሪያ ጣቴን ነክሬ ቀመስኩት። ጨው ነው፤ እዚህ ላይ ደምሴ አልዋሸም። ድምፅ ግን የለውም። ጀልባዎቹ የቆሙበት በግንብ የታጠረ ስለሆነ ውኃው እንደ አባ ሳሙኤል ግድብ ጸጥ ብሎ ተኝቷል። ደስ አለኝ። ውሸታምነቱን በዓይኔ አይቼ ልመለስለት ነው።

በአራተኛው ቀን ጠዋት እንቁላሌን የሚነካው ጠፋ።

ዮናስ ሻዬን ስኳር ጨምሮ አማስሎ ሰጠኝ። ከድር ወንበር ሳበልኝ። ከድር ዋጋ ሲያስቀንስ እንጂ ወንበር ሲስብ አይቼው አላውቅም። ኮፍያዬን ረሳሁ ብዬ ተነሳሁና ደረጃው ላይ ሆኜ በቁርስ ቤቱ በር መስተዋት ወደ ውስጥ አየሁ። የዮናስ ከንፈር «አገር እስክንገባ እንዳይሰሙ» አለ። የከድር ከንፈር «ቀብሩ ትናንት ነበር አሉህ?» አለ። እነዚህ ልጆች የሽመና ክፍል ሽማግሌ ከመስተዋት ማዶ እንደሚሰማ አያውቁም።

የማን ቀብር? ባለቤቴ ወርቄ፣ ልጆቼ፣ ደብረ ዘይት ያለችው እህቴ፣ ደምሴ። አምላኬን ከእነዚህ ውስጥ አንዱን ምረጥ ብዬ ልለምነው አልችልም፤ ግን ሰው ነኝና ልቤ ሲመርጥ ያዝኩት። ተመልሼ ለዮናስ «ቤት ደውልልኝ» አልኩት። ተያዩ። ደወለ።

ስልኩን ያነሳችው ወርቄ ናት። አንዷ ዳነች። ልጆቹስ? ደህና ናቸው። እህቴስ? ትናንት እዚህ ነበረች፣ ደህና ናት። ትናንት ምን ልታደርግ መጣች ብዬ አልጠየቅሁም።

«ደምሴስ?»

«ደህና ነው፣ ተሽሎታል። በጣም ሰላም ብሎሃል። በሰላም ግባ ብሎሃል።»

አለቀ። ደምሴ በዕድሜው ሰላም በሉልኝ ብሎ አያውቅም። «ያንን ደረቅ እዚያው ይቅር በሉት» ነው የሚለው። እንዲህ ያለ የጨዋ ሰላምታ ከደምሴ የሚመጣው ደምሴ ከሌለ ብቻ ነው።

«እኔም ሰላም ብያለሁ በይው» አልኩና ስልኩን መለስኩ።

ለምን አወቅሁ አላልክም ትሉኝ ይሆናል። ብል ምን ይመጣል? ልጆቹ ምሥጢር መያዝ አቃታቸው ይባላሉ። ወርቄ ባሏን በሰው አገር በስልክ አረዳችው ትባላለች። ሥርዓት ማለት ሁሉም እያወቀ ሁሉም የሚጠብቀው ነገር ነው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ብዬ ወደ ክፍሌ ወጣሁ። ስገባ ሻንጣዬ የመስኮቱ ዳር አልጋ ላይ ተቀምጧል።

«ጋሼ፣ እዚህ ይሻልዎታል፣ ንጹህ አየር አለ» አለኝ ዮናስ ከኋላዬ ደርሶ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ጋደም አልኩ። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሳ። መስኮቱ የሚያየው ለካ ጀልባዎቹን ሳይሆን ከግንቡ ማዶ ያለውን ክፍቱን ባህር ነው። ጀመረ። መጀመሪያ ከሩቅ፣ ከዚያ እየቀረበ፣ እየተመላለሰ፣ ሳያርፍ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ፋብሪካው በር ላይ ነኝ፣ ፈረቃ ልገባ፣ ምሳዬን ይዤ፤ ውስጥ ማሽኖቹ ይንጫጫሉ፣ ደምሴ አንድ እርምጃ ቀድሞኝ እያወራ ይሄዳል፣ አልሰማውም፣ ከንፈሩንም አላይም፣ ጀርባውን ነው የማየው።

ውሸታሙ እኔ ነበርኩ።

በማግስቱ ከማሽን ቤት ስንመለስ፣ ከሆቴሉ ማዶ አንድ ሱቅ ፊት ትልቅ መጥበሻ ተጥዷል። ድብልብል ሊጥ በዘይት እየጠበሱ፣ ስኳር ውኃ ውስጥ እየነከሩ ለመንገደኛው ሁሉ በነጻ ያድላሉ። አዲስ ሱቅ ሲከፈት እንደዚያ ይደረጋል ብዬ ተሰለፍኩ። የጾም ነው፣ ጥሩም ነው። ደግሜ ተሰለፍኩ። ከድር በአሰላሙ አለይኩም ጀምሮ በምልክት ሲያወራ ቆይቶ ተመለሰ።

«አርባው ነው አሉ» አለኝ ዝግ ብሎ። «የሱቁ ባለቤት፣ የጸጉር አስተካካዩ። ለነፍሱ ነው የሚያድሉት።»

የሰው አርባ ላይ ሁለት ጊዜ ተሰልፌያለሁ። በእኛ ሰፈር ደግሞ የሐዘን ቤት እህል የቀመሰ ሳይቀመጥ አይሄድም። ሱቁ አጠገብ የፕላስቲክ ወንበሮች አሉ፤ ግን እንደ ሠርግ ክብ ሠርተው ነው የቆሙት። ለሐዘን ወንበር ግድግዳ ይይዛል፣ ሰው ጀርባው እንዲደገፍ። እጄ አላስቻለውም። አንድ በአንድ እያነሳሁ ወደ ግድግዳው ደረደርኳቸውና መጨረሻዋ ላይ ተቀመጥኩ። ማንም ምነው አላለኝም። የሟች ልጅ መጥቶ ከጎኔ ተቀመጠ፤ አባቱን የማውቅ የድሮ ደንበኛ መስዬው ይሆናል። ሰዎቹ መዳፋቸውን ዘርግተው ሲጸልዩ ከድር ዘረጋ፣ እኔም ዘረጋሁ። በተዘረጋው መዳፌ ላይ እንባ ወደቀ። ለየትኛው ሟች እንደ ሆነ አትጠይቁኝ። ልጁ እጄን ስሞ ግንባሩ ላይ አስነካው። እኔም ያለኝን ሰጠሁት፤ «ነፍስ ይማር» አልኩት።

ሆቴል ስንገባ ከድር ለዮናስ «ለማያውቁት ቱርክ እኮ ነው ያለቀሱት፤ እንዲህ ሆደ ቡቡ መሆናቸውን አላውቅም ነበር» አለው። ሲናገር ግን ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነበር፤ ቃሉን ሰማሁት እንጂ፣ የምሩን ይሁን ለእኔ ሲል ከከንፈሩ ማንበብ አልቻልኩም።

አገሬ ገባሁ። ወርቄ «መንገድ አድክሞሃል፣ ዛሬ ከቤት አትውጣ» አለችኝ። አልወጣሁም። ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ፤ የዕድራችን ሊቀመንበር አቶ ግርማና ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። ጋቢዬን ለብሼ ተቀመጥኩና ጠበቅሁ። እንዲነግሩኝ ደግ ሆኜ ተዘጋጅቻለሁ።

ተያዩ። አቶ ግርማ ጉሮሮውን ጠረገ።

«እንግዲህ ጤፍ ተወደደ» አለ።

«ነጩ ነው እንጂ ሰርገኛው እዚያው ነው» አለ ሁለተኛው።

«እዚያው? ከየት ገዝተህ ነው?»

«ከዱከም ነዋ። አንተ ሳሪስ ድረስ ሄደህ ስትገዛ አይወደድብህ?»

«ቆዩ እንጂ፣ ዝናቡ…» አለ ሦስተኛው፤ ዝናቡን ግን የት እንደሚወስደው ጠፋበት። እንደገና ጤፍ ላይ ወደቁ። ነገሩ እየጋለ ሄዶ የምር ሊጣሉ ሲሉ አቶ ግርማ ድንገት ዝም አለ። ሠላሳ ዓመት መንገዱን የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፤ እነሱ ከኋላው ነው የሚከተሉት።

አሳዘኑኝ።

«ደምሴ ቢሆን ኖሮ እስካሁን አስለቅሶኝ ነበር» አልኳቸው።

አቶ ግርማ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሸፈነ። ከዚያ አራታችንም አለቀስን፤ ማን ማንን እንዳረዳ ሳይታወቅ።

እነሆ ዓመታት አለፉ። ከቱርክ የመጡት ማሽኖች ድምፃቸው ለስላሳ ነው፤ የዛሬ ልጆች ሽመና ክፍል ውስጥ ቆመው በስልክ ያወራሉ። አሰብም የለም፣ የድሮው ጫጫታም የለም፣ ምስክር የሚሆነኝም የለም። በደምሴ ተዝካር ላይ የቀረብኝን ይቅርታ ለመክፈል ስለ ባህሩ ከተናገርኩ ወዲህ ግን ልማድ ሆኖብኝ፣ ሰው ሰብሰብ ብሎ ካገኘሁ «ባህር ያላየ ሰው» ብዬ እጀምራለሁ። ባለፈው ዕድር ላይ፣ ወንበር ስንደረድር፣ እንደ ድሮው ሽመና ክፍል ነው የሚጮኸው ብዬ ስምል አንዱ ጎልማሳ ሳቀብኝ።

«ጋሽ ሀብቴ፣ እርስዎ ደግሞ ሲያረጁ ውሸታም ሆኑ» አለኝ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ። ደምሴ ለካ እንዲህ ነበር ደስ የሚለው።