የአስቸኳይ ዕቅዱ አራት መቶ ጥራዝ

ለአየር ንብረቱና ለተፈጥሮው ጥፋት መንግሥት ምን ሠራ እያሉ የሚያሙ ሰዎች አሉ። አፋቸውን ይያዙ። እኔ የአስቸኳይ ጽሕፈት ቤቱን ወለል ስወለውል አራት ዓመቴ ነው፤ ያየሁትን አይቻለሁ።

መጀመሪያ አስቸኳይ ሁኔታ ታወጀ። አስቸኳይ ነገር ደግሞ በችኮላ አይነካምና ኮሚቴ ተዋቀረ፤ አሥራ ሰባት ሰው ከአሥራ ሰባት መኪና ጋር። መኪኖቹ ፀሐይ እንዳይመታቸው ጥላ ሊሠራላቸው ተወሰነ። ለጥላው ቦታ እንዲገኝ ከግቢው ጀርባ የነበሩት ትልልቅ ዛፎች ተቆረጡ፤ የዝናብ ውሃ የሚያወርደውም ቦይ በሲሚንቶ ተደፈነ። ቆርቆሮው ሲያምር!

የእኔ ቤት ከግቢው አጥር በታች ነው። እናቴ አልጋ ከያዘች ሦስት ዓመቷ፤ ውሃ ቢመጣ ተነሥታ አትሮጥም። ስለዚህ ባልዲዬን እንደያዝኩ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ቢሮ ገባሁ።

«ጌታዬ፣ ቦዩን ያስከፍቱልኝ። ክረምቱ ደርሷል።»

«እትዬ፣ ቦይ እኮ ምዕራፍ ሦስት ነው» አሉኝ፤ ሲበዛ ጨዋ ሰው ናቸው። «አሁን ገና ግንዛቤ ማስጨበጥ ላይ ነን።»

«እኔስ ጨብጫለሁ። ዝናቡን ያስጨብጡልኝ።»

ሳቁና ጻፉት። እንዲያው የትም አልጣሉትም፤ የኮሚቴው ዕቅድ ታትሞ ሲመጣ ገጽ ሁለት መቶ አሥራ አንድ ላይ «ከታችኛው እርከን የተነሣ ስጋት» ተብዬ ገብቼበታለሁ።

ዕቅዱ ተባዝቶ አራት መቶ ጥራዝ ነበር፤ እያንዳንዱ እንደ ጡብ የሚከብድ። በምረቃው ዕለት ሚኒስትሩ የጽሕፈት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ ቆመው፣ ከእንግዲህ ጎርፍ የሚያገኘን ተዘጋጅተን ነው አሉ። ጭብጨባው ሳያልቅ ዝናቡ ወረደ። የሚይዘው ዛፍ፣ የሚወስደው ቦይ ቢያጣ ጊዜ ውሃው ቀጥ ብሎ ወደ አዳራሹ በር መጣ።

ዘዴውን ያመጣው ዘበኛው ነው ይላሉ። ጥራዞቹን እየተቀባበሉ በሩ ላይ እስከ ጉልበት ደረደሯቸው። እውነት እውነቱን እንነጋገር፣ አንዲት ጠብታ አላለፈችም። ሚኒስትሩም ደረቅ ጫማቸውን አየት አድርገው፣ ዕቅዱ በተመረቀበት ቀን ውጤት ማሳየቱን ለጋዜጠኞቹ ገለጹ።

ከበሩ የተመለሰው ውሃ ግን ሌላ መሄጃ የለውም፤ ወደ ታች፣ ወደ እኛ ነው። ኃላፊው ዘንድ ሮጥኩ።

«ጌታዬ፣ ለእኔም በር ሠላሳ ጥራዝ ያበድሩኝ። እናቴ ተኝታለች።»

ከልባቸው አዘኑ። «ጥራዙ ለባለድርሻ አካላት ነው፣ እትዬ» አሉና ኪሳቸው ገቡ። «ለነዋሪው ማጠቃለያ አለው።»

ማጠቃለያው አንድ ወረቀት ነው፤ የፊትና የኋላ፣ ባለ ቀለም። ውሃው ጉልበታችን ደርሶ ከጎረቤት ጋር እናቴን ተሸክመን ስናወጣት፣ ዝናቡን እንዲከልላት ወረቀቱን አናቷ ላይ አደረግሁላት። አልዋሽም፣ እስከ አጥሩ ድረስ ሠርቷል።