ተናጋሪ፦ ስሜነህ

[ደባርቅ። የጋራ ዲጂታል ማኅደር ቢሮ። የየወረዳው አስተማሪ በኢንተርኔት ከፍቶ የሚጠቀምበት ድምፅና ፎቶ የሚሰናዳው እዚህ ነው። ኃላፊው ስሜነህ ክራባት አስሮ ስልኩን ደጋግሞ ያያል። ባልደረባው አንሙት በአንድ ጣት ይጽፋል።]

ስሜነህ፦ ከጠዋት ጀምሮ አንድ ፋይል! ዶሮ እንኳ እስካሁን እንቁላሏን ጥላ ተነሥታለች።

አንሙት፦ እሷ ምን አለባት፤ የማን እንቁላል እንደሆነ ጻፊ የሚላት የለ።

ስሜነህ፦ ችግርህ ገባኝ። ሜታዳታ ምን እንደሆነ አታውቅም።

አንሙት፦ መታ ዳታ? ማን መታው?

ስሜነህ፦ ሜታ! ሜታዳታ! ስለ ፋይሉ የሚናገር መረጃ ነው። ርእሱ፣ ተናጋሪው፣ ቦታው፣ ቀኑ።

አንሙት፦ ታዲያ እኔ ምን እየጻፍኩ ነው?

ስሜነህ፦ ልብ ወለድ! እስቲ አንብበው።

አንሙት፦ [ያነባል] «የገብስ አዘራር በደረስጌ። ተናጋሪ፦ ወይዘሮ አመተ ማርያም፣ ገበሬ። ጊዜ፦ ሰኔ፣ በእኛው አቆጣጠር። ማስታወሻ፦ መካከል ላይ በግ ይጮኻል፤ ድምፁ የተናጋሪዋ አይደለም።»

ስሜነህ፦ በጉን ምን አስገባው?

አንሙት፦ ራሱ ነው የገባው፤ በሩ ክፍት ነበር።

ስሜነህ፦ ኧረ ተወኝ! ባሕር ዳር ሄጄ የሠለጠንኩት እኔ ነኝ። ፋይል በቶሎ ተጭኖ በቶሎ ይረሳል።

አንሙት፦ መረሳቱንስ ተረስቷል። ትናንት አንድ አስተማሪ የዋልያ ፎቶ አጣሁ ብሎ ደወለ።

ስሜነህ፦ ስፖርት ውስጥ ይፈልገዋ! ዋልያ ብሔራዊ ቡድን ነው።

አንሙት፦ ገደል ላይ የቆመውኮ ነው። ቀንድ አለው።

ስሜነህ፦ አጥቂ ይሆናላ!

አንሙት፦ የድብ ባሕር ከተማ መናኸሪያስ?

ስሜነህ፦ የዱር አራዊት ውስጥ። ድብ አይልም?

አንሙት፦ ፎቶው ላይ ያለው አውቶቡስ ነው።

ስሜነህ፦ ድቡ ተሳፍሮ ይሆናል። በቃ፣ አታድርቀኝ!

አንሙት፦ ደግሞ ፀሐይን በጸሎቱ ጸ ጽፈህ፣ በፀሐዩ ፀ የሚፈልጋት ሁሉ ጨልሞበታል።

ስሜነህ፦ ፀሐይ በጸሎት ብትወጣ ምን አለበት?

አንሙት፦ አሜን። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሁሉም ድምፅ ላይ «ተናጋሪ፦ ስሜነህ» ይላል።

ስሜነህ፦ መቅረጫውን የያዘው ማን ነው? እኔ! አንድ ጊዜ ጽፌ ለሁሉም ኮፒ አደረግሁት። ይኸው ማኅደሩ ላይ ስሜን ብትፈልግ ገጹ ሞልቶ ይፈሳል።

አንሙት፦ ስምህን ማን ይፈልገዋል?

ስሜነህ፦ [ስልኩን ያያል] አቶ አሻግሬ። ሽማግሌዎቼ አሁን ዳባት እሳቸው ቤት ተቀምጠዋል፤ ልጃቸውን ሊያን ሊጠይቁልኝ። ወይ ዛሬ ይሰጡኛል፣ ወይ ያ ጎንደሬው ሐኪም ይቀድመኛል።

አንሙት፦ ሊያ? አስተማሪዋ? እሷስ ምን አለች?

ስሜነህ፦ እሷ ምን ትላለች? «ልጁ ማን ነው?» ካሏችሁ፣ ማኅደሩን ከፍተው ስሜን ይፈልጉ በሏቸው ብዬ ልኬያለሁ። እዚያው ጆሯቸው ይስማው!

[ስልኩ ይጮኻል። ስሜነህ ዘሎ ይነሣል።]

ስሜነህ፦ ሽማግሌው ናቸው፣ አባ ገብረ ሚካኤል! ... አቤት አባ፣ ይፍቱኝ። ... ከፈቱት? ስሜን አገኙት? ተመስገን! ... ምን ሰሙ? ... [ይቀመጣል] «ሦስቱን ሚስቶቼን የፈታሁበት ምክንያት»? ኧረ አባ፣ እኔ አይደለሁም! ... አዎ፣ ስሜ ተጽፏል። ... «ድምፁ የሽማግሌ ነው፤ ዕድሜውንም ደብቆናል» አሉ?

አንሙት፦ ጨው ነጋዴው ነዋ! ገበያ ላይ የቀረጽከው።

ስሜነህ፦ ዝም በል! ... ሌላም ሰሙ? ... «ሰባቱንም ልጆቼን የወለድኩት እዚሁ ቤት ነው»? አባ፣ እኔ በምን ልወልድ! የተናገረችው አዋላጇ ናት!

አንሙት፦ የምጡን ታሪክ ሳይሰሙት አይቀሩም።

ስሜነህ፦ ... ስሕተት መሆኑ ገባቸው? እሰይ! ... እና? ... [ድምፁ ይወርዳል] «የሰውን ሁሉ ቃል የራሴ ብሎ የጻፈ፣ ነገ ልጄን ምን ብሎ ሊጽፋት ነው?» ... እሺ አባ። [ስልኩን ያስቀምጣል] አንሙት፣ ነፍሴ! አሁኑኑ አርምልኝ! ስሜን አውጣው!

አንሙት፦ አወጣሁት። ማንን ላስገባ? የጨው ነጋዴው ስም ማን ነበር?

ስሜነህ፦ ... አልጠየቅሁትም።

አንሙት፦ የአዋላጇስ?

ስሜነህ፦ እሷንም። ሄደህ ጠይቃቸዋ!

አንሙት፦ ሁለቱም ዐርፈዋል። እግዚአብሔር ስማቸውን ያውቀዋል፤ እኛ ጋ ግን «ያልታወቀ» ብዬ መጻፌ ነው።

[ስልኩ እንደገና ይጮኻል።]

ስሜነህ፦ አባ ናቸው! ሐሳባቸውን ቀየሩ! አላልኩህም? ... አቤት አባ! ... እ? አንሙትን? [ስልኩን በግርምት ይሰጠዋል።]

አንሙት፦ አቤት። ... አዎ፣ እኔ ነኝ። ... ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ... አይ፣ አላገባሁም። ... እሺ፣ በደስታ። [ስልኩን ይመልሳል።]

ስሜነህ፦ «አላገባሁም»? ይሄን ደግሞ ምን አመጣው?

አንሙት፦ ለተማሪዎች የሚፈለገው ነገር ቶሎ የሚገኘው እኔ የመዘገብኩት ላይ ብቻ ነው ተባልኩ። ቅዳሜ ዳባት ና ተባልኩ።

ስሜነህ፦ አባ ገብረ ሚካኤል! የእኔ ሽማግሌ ሆነው ሄደው ለአንተ ይጠይቃሉ?

አንሙት፦ በአባ አትቀየም። እሳቸው ስልካቸውን ነው ያዋሱት።

ስሜነህ፦ ለማን?

አንሙት፦ ለሊያ። የጠየቀችኝ እሷ ራሷ ናት።