ጋሼ ሰይድ ያገኟት ሲ

በልጁ የሚኩራራ አባት አይታችኋል? ጋሼ ሰይድን ካላያችሁ አላያችሁም። «ሐያቴ እኮ ሃይስኩል ሆና ኮሌጅ ተምራለች» ሲሉ ያልሰማ የሰፈራችን የኖርዝላንድ ሐበሻ የለም። ለቅሶ ቤት ሳይቀር ነግረውናል፤ ሟቹም ሳይሰማ የሄደ አይመስለኝም።

ዘንድሮ ሐያት ለፋርማሲ ትምህርት ቤት አፕላይ ስታደርግ፣ እኔ ጎረቤታቸው ላግዛት አጠገቧ ተቀምጫለሁ። ፎርሙ በሃይስኩል የተወሰደ የኮሌጅ ክሬዲት ሁሉ ከነውጤቱ ይሞላ አለ። የልጅቷ ፊት ተለዋወጠ።

«አባዬ፣ ይሄንን ስኪፕ ባደርገውስ?»

«አገር ሁሉ ሰምቶ እንዴት ይደበቃል!»

ለካ ኬሚስትሪ ላይ ያገኘችው ውጤት «ሲ» ኖሯል።

«መቼ ነው እሱ?» አሉ ጋሼ ሰይድ፣ ድምፃቸው ቀዝቅዞ።

«ሰርጀሪ ያደረግክ ጊዜ።»

ያኔ ከክላስ እየቀረች ሆስፒታል ስታስተረጉምላቸው የከረመችው እሷ ነበረች።

ጋሼ ሰይድ መነጽራቸውን አድርገው የውጤት ወረቀቷን፣ ትራንስክሪፕቱን፣ ቀረብ አድርገው አዩት። «ሐያት ሰይድ» ይላል።

«ስሜ አለበት እኮ! ሲዋ የኔ ናት፤ ጻፊያት።»

ጻፈቻት። መግባቷ ገና አልታወቀም። ጋሼ ሰይድ ግን ባለፈው እሁድ ሰርግ ላይ አጠገባቸው ለተቀመጠው እንግዳ ሲነግሩት ሰማሁ፦

«እኔም ብሆን ኬሚስትሪ ሲ አለኝ።»