የቶርኖው የጥንት ቀለም

አማች፦ አረንጓዴ ነው አልኩህ፤ በቃ አረንጓዴ ነው።

ቀስበል፦ እሺ ጋሼ፣ አረንጓዴ ነው። ለእኔ ግን ቢጫ መሰለኝ።

[የብረት በርና መስኮት የሚሠራበት ቤት ነው። ጥግ ላይ ብረት የሚቀርጸው አሮጌ ቶርኖ ቆሟል። ባለቤቱ አባባ ጠዋት ሲወጡ፣ «ይህን ማሽን እንደ ዱሮው አድርጋችሁ ጠብቁኝ፤ የቤቱን ቁልፍ ለማን እንደማስረክብ ያኔ አያለሁ» ብለዋል። ክርክሩ ታዲያ የማሽኑ የዱሮ ቀለም ምን ነበር የሚል ነው። አማቻቸው ቁልፉ ከወዲሁ ኪሱ የገባ ያህል ተሰምቶታል፤ ለሚስቱም ነግሯታል። ቀስበል የአባባ የእህት ልጅ ነው፤ በሮቹን ቀለም የሚቀባው እሱ ነው። ቅጽል ስሙን ያወጣለት ሰው ብዙም አልተሳሳተም።]

አማች፦ ቢጫው ላዩ ነው። ላይ ላዩን አይቶ የሚፈርድ ሞኝ ነው። ቢላውን አቀብለኝ።

ቀስበል፦ ባይፋቅ አይሻልም ጋሼ? ዝም ብለን ብንለቀልቀውስ?

አማች፦ ለዚህ ነው በር ስትቀባ የምትኖረው። [ይፍቃል።] አየህ፣ ከቢጫው ሥር አረንጓዴ። ምን ብዬህ ነበር?

ቀስበል፦ አረንጓዴ ነው ብለኸኝ ነበር። በቃ አገኘነው፣ ልቀባው።

አማች፦ ቆይ። [ይፍቃል።] ሰማያዊ።

ቀስበል፦ እሱም አረንጓዴ ነው?

አማች፦ ስማኝ። አረንጓዴው አባባ ሲያገቡ የተቀባው ነው። ሰማያዊው ከዚያ በፊት ነው።

ቀስበል፦ ሲያገቡ ማሽን ቀቡ?

አማች፦ ሰው ሲደሰት ያገኘውን ይቀባል። ቢጫው ደግሞ ሚስቴ ስትወለድ ነው።

ቀስበል፦ እሷ ከተወለደች ወዲህ ተደስተው አያውቁም ማለት ነው?

አማች፦ [በቢላው እየጠቆመው] ይህን እሷ እንዳትሰማህ።

[ዞሮ ሌላውን ጎን ያያል። እዚያ ቀለም የሚባል የለም፤ ጥቁሩ ብረት በዘይት ወዝቶ ያብረቀርቃል። አማች ግራ ገባው፤ ግራ መጋባት ግን አይወድም።]

አማች፦ ይህኛው ጎን ባዶ ነው።

ቀስበል፦ [ቶሎ ብሎ] ፀሐይ በልቶት ይሆናል።

አማች፦ ከአፌ ነጠቅከኝ። ጥግ ድረስ ፀሐይ አይደርስም እንዳትለኝ ብቻ።

ቀስበል፦ ኧረ አልልህም።

አማች፦ የጥግ ፀሐይ ነው የባሰው፤ ሳይታይ ነው የሚበላው። ደግሞ ቀለሙን ልብ በለው፤ ጭረት ጭረት ነው፣ አንዱ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች። ዝም ብሎ እንዳይመስልህ። የፋብሪካው ማኅተም ነው።

ቀስበል፦ እኔም ማኅተም ይሆናል እያልኩ ነበር።

አማች፦ አንተ መቼ አልክ?

ቀስበል፦ በሆዴ ነው ያልኩት።

አማች፦ [ይፍቃል፤ ድንገት ይቆማል።] ሮዝ። ከዚህ ሥር ብረት እንጂ ሌላ የለም። የመጀመሪያው ይኸው።

ቀስበል፦ ሮዝ ቶርኖ?

አማች፦ አውቀው ነው። ይህን የሚያህል ብረት ጥቁር ቢያደርጉት ሠራተኛ ይሸሸዋል። በሮዝ ያባብሉታል።

ቀስበል፦ እውነትህን ነው። እኔም አሁን ፍርሃቱ ቀለል አለኝ።

አማች፦ ችግሩ እንዲህ ያለ ሮዝ ዛሬ ከየት ይገኛል? የጥንት ነገር ነው።

ቀስበል፦ እኔ ጋ የቆየ ትራፊ አለ።

[ጣሳ ያመጣል። ጠብ ሲያደርጉት ከተፋቀው ጋር ቁርጥ አንድ ነው። የአማች አንጀት ቅቤ ጠጣ።]

አማች፦ አየሃቸው አባባን? መጠባበቂያ አስቀምጠው ኖረዋል። ብሩሹን ወዲህ በል፤ እኔው ራሴ ነኝ የምቀባው።

ቀስበል፦ ሁሉንም ጎን?

አማች፦ ሁሉንም።

ቀስበል፦ ደህና አድርገህ ሸፍነው ጋሼ። ቢጫው እንዳይታይ፣ አረንጓዴውም፣ ሰማያዊውም።

[ከሰዓት በኋላ ነው። ቶርኖው ከእግሩ እስከ አናቱ ሮዝ ሆኖ እንደ ሙሽራ ቆሟል። አባባ ቁልፉን በእጃቸው ይዘው ይገቡና በሩ ላይ ቀጥ ይላሉ።]

አባባ፦ ይህን ማነው የቀባው?

አማች፦ [ደረቱን ነፍቶ] እኔ ነኝ አባባ። ቀስበልን አላስነካሁትም። ፍቄ ፍቄ የጥንት ቀለሙን አገኘሁት።

አባባ፦ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ። ይህ ማሽን ቀለም ኖሮት አያውቅም፤ ራቁቱን መጣ፣ በዘይት እየወለወልኩ አኖርኩት። እንደ ዱሮው አድርጉልኝ ያልኩት አንዱ ባለጌ ብሩሹን እየጠረገ ያዥጎረጎረውን አጽዱልኝ ማለቴ ነው። ያን ሰውዬ ብይዘው ዛሬውኑ ከዚህ ቤት ይወጣልኝ ነበር። አንተ ደግሞ ጭራሽ የፀጉር ቤቱን በር አስመሰልክልኝ።

[ቁልፉን ኪሳቸው ከተው ይወጣሉ። አማች ኩም አለ። ለሚስቱ ምን እንደሚላት እያሰበ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ከመንገዱ ማዶ የሴቶች ፀጉር ቤት አለ፤ በሩ ሮዝ ነው። አፍጥጦ ቆየ።]

አማች፦ ቀስበል፣ ያንን በር የቀባኸው አንተ ነህ።

ቀስበል፦ እኔ ነኝ።

አማች፦ ስትጨርስ ብሩሹን የት ነበር የጠረግከው?

ቀስበል፦ [ቶርኖውን በፍቅር እያየ] እንዴት እንደምሸፍነው ሳስብ እንቅልፍ ካጣሁ ቆይቻለሁ ጋሼ። እግዜር ይስጥህ።

አማች፦ አሁኑኑ ሄጄ ነው የምነግራቸው።

ቀስበል፦ ንገራቸው። እኔ እንደሆነ የጠረግኩት አንድ ጎን ነው፤ ሙሉውን የቀባኸው አንተ ነህ።